ፋይሉ ደርሷል፣ አይነበብም

ጓደኛዬ ማየት የተሳነው ነው። ጅማ ላይ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። አንድ ቀን ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን ቁጭ ባልንበት ላፕቶፑን ከፈተና አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ሰጠኝ። «ይሄ ነገ ክፍል የምንወያይበት ጽሑፍ ነው፤ እስቲ ስማው» አለኝ። አዳመጥኩ። የገጽ ቁጥር ይጠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ገጽ ሁለት፣ ዝም። ገጽ ሦስት፣ ዝም።

ሁለተኛውን ፋይል ከፈተ። ይሄኛው በአማርኛ የተተየበ ዎርድ ነው። ስክሪኑ ላይ ሳየው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ርዕሱም አራት ነጥቡም በቦታው አለ። ጆሮዬ ውስጥ የሚነበበው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮማ፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ እንደገና ፊደል። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም፣ ማዳመጫውን አወጣሁት። «ልከንልሃል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ልከውልኛል» አለኝ። «ማንበብ ነው ያልቻልኩት።»

ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሲወራ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ደረጃና ዊልቸር ነው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፣ እመጣበታለሁ። በትምህርትና በምርምር ዓለም ግን ሰውን በየቀኑ ደጅ የሚያስቀረው በር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ዓይን ላለው ሰው አይታይም። ስለዚህ ከፋይሉ ልጀምር።

ማየት የተሳነው ሰው ኮምፒውተር የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው። ስክሪን ሪደር ማለት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ጆውስ የሚባለው በገንዘብ ይሸጣል። ኤንቪዲኤ ደግሞ ነፃ ነው፤ ማይክል ከራን የተባለ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው። አብሮት በሚመጣው ኢስፒክ በተባለው የማሽን ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ግን ለለመደ ጆሮ ይገባል። ጓደኛዬ እኔ በዓይኔ ከማነበው በላይ በፍጥነት ያዳምጠዋል።

ሶፍትዌሩ ግን የፊደሉን ቅርጽ አያይም። የሚያነበው ከእያንዳንዱ ፊደል ጀርባ የተቀመጠውን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ፋይል ከመጽሐፍ ላይ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነበር። ስካን ፎቶ ነው። ከፎቶ ጀርባ የፊደል ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ነገር አጣ። ሁለተኛው ፋይል በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነበር። ድሮ ኮምፒውተሮች የኛን ፊደል የሚያውቁበት ቁጥር አልነበራቸውም። ፎንት የሠሩ ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ አለበሱበት። ለጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር፣ ስንት መጽሐፍ ታተመበት። ዓይናችን «ሀ» ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ምልክት ነው። ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቁጥር አገኘ። ዛሬ በስልካችን የምንጽፈው ሁሉ ዩኒኮድ ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ድሮ የተተየበ ሞጁል እየተቀዳ፣ እየተባዛ ዛሬም ይዞራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዎርዱ ካለ ስካኑን ትቶ ዎርዱን መላክ። አማርኛውን በዩኒኮድ መተየብ። ስካን ብቻ ከሆነ ያለው፣ ፎቶን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ሶፍትዌር ማሳለፍ፤ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አማርኛም ያውቃል። በስልክ ተንጋዶ የተነሳ ገጽ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። ሌላም ነገር አለ። ጅማ ውስጥ የምንሠራባቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ ናቸው። የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የሚያነበው ድምፅ ካልተቀየረ ሶፍትዌሩ በእንግሊዝኛ አነባበብ ያበላሸዋል። ሰነዱ ላይ ቋንቋው ምን እንደሆነ ምልክት ከተደረገ ብዙው ይቃለላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ይህን ማድረግ ደግነት ነው ወይስ ግዴታ? ግዴታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጸደቀ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀበለችው። በሕገ መንግሥቱ ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ከፍተኛ ትምህርትንም ያለ አድልዎ፣ ከሌሎች እኩል እንዲያገኙ ያዛል።

ስምምነቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው ተደራሽነት ነው። ተደራሽነት አስቀድሞ የሚሠራ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማን እንደሚመጣ ሳይታወቅ። ሕንፃው ሲነደፍ፣ ድረ ገጹ ሲሠራ፣ ሞጁሉ ሲተየብ። ሁለተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይባላል። ይሄ ለአንድ ሰው፣ ሰውየው ሲፈልገው የሚደረግ ማስተካከያ ነው። የፈተና ሰዓት መጨመር፣ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መመደብ። «ተመጣጣኝ» የተባለው ተቋሙ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና እስካልጣለ ድረስ ለማለት ነው። ብዙ ቦታ ይህች ቃል ማምለጫ ስትሆን አይቻለሁ። «በጀት የለም» ይባላል። ዎርዱን በኢሜይል መላክ በጀት አይጠይቅም። ደግሞም ማመቻቸትን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል በስምምነቱ ራሱን የቻለ አድልዎ ነው።

የራሳችን ሕግም ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ነገሩን በዝርዝር አስቀምጦት ነበር፤ ክፍል መቀየር፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ፣ አጋዥ መሣሪያ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የፈተና ሰዓትና የማስረከቢያ ቀን ማራዘም። «ሁኔታዎች በፈቀዱ መጠን» የሚል ሐረግ ግን ገብቶበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እዚህች ሐረግ ላይ ነው፤ ሁኔታው ፈቀደ ወይስ አልፈቀደም የሚለውን የሚወስነው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነውና።

የፈተና ሰዓት ነገር በተለይ ያናድደኛል። «ለምን ለእሱ ይጨመርለታል?» የሚል ተማሪ አለ፣ የሚል መምህርም አለ። ብሬልን በቅርብ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ብሬል በስድስት ነጥብ የሚሠራ ጽሕፈት ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። እኛ በአንድ ፊደል «ሙ» ብለን የምናልፈው እሱ ዘንድ ሁለት ምልክት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ነጥቡ ቦታ ይይዛል፤ አንድ ገጽ ጽሑፍ ብሬል ሲሆን ብዙ ገጽ ይወጣዋል። ስሌት በሚባለው ቀዳዳ ያለው የወረቀት መያዣና ስታይለስ በሚባለው መውጊያ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ነጥብ በእጁ እየወጋ ነው የሚጽፈው። ያውም ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። ስህተት ቢያገኝ እንደኛ ሰርዞ አያልፍም። የሚጨመርለት ሰዓት ይህችን ልዩነት የሚያቃልል ነው፤ ከሌላው የሚያስበልጠው አይደለም።

በአንባቢ የሚፈተንም አለ። አንባቢ ማለት ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት፣ መልሱን የሚጽፍለት ሰው ነው። የአንድ ተማሪ ውጤት በአንባቢው የእጅ ጽሑፍና በንባብ ችሎታው ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ለአንድ የምሕንድስና ቃል እንግዳ የሆነ አንባቢ ቢመደብ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም።

አሁን ወደ ሕንፃው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም ለእነሱ የሚሆን እንዲሆን ደንግጓል። መወጣጫ ራምፕ ሲሠራ የሚታወቅ ልክ አለ፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። የበሩ ወለል ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 መሆን አለበት። በሁለት ሜትር ርዝመት ብቻ ቀጥ ብሎ የተለሰነ ሲሚንቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ለዊልቸር አይሆንም፤ ሲወጡት ወደ ኋላ ይጥላል፣ ሲወርዱት ወደ ፊት። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። ክረምታችን ረጅም ነው። ለስላሳ ልስን ያለው ራምፕ ሐምሌ ላይ ክራንች ያንሸራትታል። ከዶርም እስከ ክፍል ያለው መንገድ ጭቃ ከሆነ ራምፑ ጋ የሚደርሰው ማን ነው? ባጃጅ እስከ በሩ ድረስ እንዲገባ መፍቀድ ብቻውን ለአንዳንድ ተማሪ ሴሚስተሩን ያተርፍለታል።

መስማት ስለተሳናቸው ተማሪዎች ብዙ ሰው የሚያስበው አስተርጓሚ ከተመደበ አለቀ ብሎ ነው። አላለቀም። የሳይንስ ቃላት ብዙዎቹ የተስማሙበት ምልክት የላቸውም። አስተርጓሚው ቃሉን በጣት ፊደል መፈደል አለበት። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል እንደ ጽሑፋችን ነው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ያሳያል። ደስ የሚል አሠራር ነው። ግን መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፈ ሲያወራ አስተርጓሚው ይከተለዋል፣ ተማሪው አስተርጓሚውን ያያል፤ ሰሌዳውን መቼ ያያል? ማስታወሻ መቼ ይጽፋል? ስላይዱን ቀድሞ መስጠት እዚህም ዋጋ አለው።

የማይታዩም አሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ፣ ፊደል የሚምታታበት፣ ከባድ ድብርት ውስጥ ያለ። እነዚህ ብዙ ጊዜ አይናገሩም፤ ከተናገሩ በኋላ ስማቸው ይቀየራልና።

መጠየቅ ላይ ላለ ሰው አንድ ምክር አለኝ። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ሴሚስተሩ ሲጀምር ለትምህርት ክፍሉ የገባች ቀን ያላት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ፣ ፈተና ዋዜማ ላይ ኮሪደር ውስጥ ከሚለመን ልመና ትበልጣለች። ምን እንደሚቸግራችሁ ከማብራራት ይልቅ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ጻፉ፤ «ማንበቢያ ጽሑፎች ከአንድ ሳምንት በፊት በዩኒኮድ ዎርድ ይላኩልኝ» ብሎ። ቅጂ ያዙ። መልስ ከጠፋ ወደ ላይ ሂዱ። ከግቢ ውጭም በር አለ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ ይቀበላል።

ጅማ ላይ ይህ ጉዳይ ከሌላ ከተማ የሚለይበት ነገር አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። የሚታወቀውም ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቱ ነው። ተማሪው ሲቢቲፒ በሚባለው የማኅበረሰብ ሥልጠና ፕሮግራም ወደ ቀበሌ ይወርዳል፣ ቤት ለቤት ይዞራል፣ የሕዝቡን ችግር ይለያል፤ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና ሲደርስ ደግሞ ከተለያየ ሙያ የመጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወጥተው ይሠራሉ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ትምህርት በግቢው አጥር አያልቅም። ራምፑ ግን አጥሩ ጋ ያልቃል። ክራንች የያዘ ተማሪ ቡድኑ ዳገት ሲወጣ «አንተ ቤት ሆነህ ዳታ አስገባ» ቢባል፣ ሰዎቹ አዝነውለት ነው። እሱ ግን ከሰው ጋር ተቀምጦ መጠየቅን ሳይማር ተመረቀ ማለት ነው። ቀረብ ያለውን መንደር ለእሱ መመደብ፣ የባጃጅ ሒሳቡን ከመስክ በጀቱ መያዝ ይቻላል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት ይሄው ነው።

ወደ ቤቶቹ ስንገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ማንን ነው የምንቆጥረው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ገደማ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ለኢትዮጵያ የሰፈረው ግምት ግን 17.6 በመቶ ነው። ያው አገር፣ ያው ሕዝብ። ትልቁ ልዩነት የመጣው ከጥያቄው ነው። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ መጠየቅ አንድን ቤተሰብ በልጁ ላይ ስም እንዲለጥፍ መጠየቅ ነው። ሰው ይደብቃል። ሳይደብቅም ቃሉን ለራሱ አይወስደውም፤ «አርጅቼ ነው እንጂ» ይላል።

ለዚህ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት ስር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጅቷል። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል አንዴም አይነሳም። መነጽር ቢያደርጉም ለማየት ይቸገራሉ? የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀሙም ለመስማት? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ ወይም ሐሳብ ለመሰብሰብ? እንደ መታጠብና መልበስ ባለው ራስን መንከባከብ ላይ? በለመዱት ቋንቋ ለመግባባት? መልሱ አራት ነው፤ አልቸገርም፣ ትንሽ፣ ብዙ፣ ጭራሽ አልችልም። በአንዱ እንኳ «ብዙ» ወይም «ጭራሽ» ያለ ሰው ይቆጠራል። ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ውሃ በሚጠና ጥናት ላይ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች መጨመር ደቂቃዎችን ነው የሚወስደው። ከዚያ በኋላ ግን ክትባቱ ለማን እንዳልደረሰ መናገር ይቻላል።

ፕሮፖዛሎች ውስጥ ደጋግሜ የማያት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አለች። «መስማትና መናገር የማይችሉ ሰዎች በጥናቱ አይካተቱም።» ሳይታሰብባት ከፕሮፖዛል ወደ ፕሮፖዛል ትገለበጣለች። አማካሪም ያልፋታል፣ የሥነ ምግባር ቦርድም ያልፋታል። መስማት የተሳናትን እናት ያላካተተ የእናቶች ጤና ጥናት፣ ስለ እናቶች ሁሉ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ምክንያት ካለ ምክንያቱ ይጻፍ። ከሌለ አስተርጓሚ ይያዝ፤ ቢቻል ደግሞ ባል ወይም አማት ያልሆነ አስተርጓሚ፣ ምክንያቱም በባሏ በኩል የምትመልሰው መልስ ምስጢር አይደለም። የፈቃድ ቅጹም ቢሆን ይታሰብበት። ማየት የተሳነውን ሰው ሳያነቡለት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ማስፈረም ፈቃድ አይባልም።

ጓደኛዬ ለመመረቂያ ጥናቱ መረጃ ሲሰበስብ አብሬው ሄጄ ነበር። ቅጹ ስልኩ ላይ ነው፣ በአንድ ጆሮው ያዳምጠዋል። የገባንበት ቤት አንዲት እናት በርጩማ አቀረቡልን። ወደ እኔ ዞረው «ልጁ ቡና ይጠጣል?» አሉኝ። «እጠጣለሁ እማማ» አላቸው እሱ። ደንገጥ ብለው ሳቁና ከዚያ በኋላ እሱን ነው ያወሩት። ከመጠይቁ ውጭ፣ ልዩነቱን ለማየት ብሎ መጀመሪያ የድሮውን ጥያቄ ጠየቃቸው። እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?

«አልሐምዱሊላህ፣ የለም ልጄ።»

ከዚያ ስድስቱን ቀጠለ። ለማየት ይቸገራሉ? «አይ እሱማ፣ ከመሸ የሰው ፊት አልለይም፤ ሩዙን የምትለቅመው የልጅ ልጄ ናት።» ለመራመድስ? ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉ። መስጊድ መሄድ ካቆሙ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው፣ ቁልቁለቱን እንደማይችሉት ነገሩት። «ትንሽ ልበል ወይስ ብዙ?» አላቸው።

ጥቂት አሰቡ። «ብዙ በለው» አሉ፣ ሲኒውን እጁ ላይ እያስያዙት።